ለእናቴ ያልመለስኩት ዜማ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። የእኔ ነገር ሥሩ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው።

ሚዛን ከተማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ዝናብ ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ደግሞ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሰባኪው ማይክ ቢይዝ፣ ቢጮኽ፣ ጉሮሮው ቢበጠስ ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ የሚሰማው የለም። መብራቱም ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ከቀደሙት አማኞች የወረስነው ልማድ አለ። ዝናቡ ሲበረታ ሰባኪው መጽሐፉን ከድኖ ቁጭ ይላል፤ ከጉባኤው አንድ ሰው መዝሙር ያነሣል፤ እስኪያባራ ድረስ ይዘመራል። ኪቦርድ የለ፣ ስፒከር የለ፣ ያለው የሰው ጉሮሮ ብቻ ነው። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት።

እኔ መዝሙር የምሠራው ለዚያ ሰዓት ነበር። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። መዝሙር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ኖታ አላውቅም። የማውቀው ሰውን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቡና ሲለቅም የሰነበተ ሰው እሑድ ጠዋት ደረቱ ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ስንኙን በዚያ ልክ እቆርጠዋለሁ። አፉን በቤንችኛ የፈታ ሽማግሌ የትኛው የአማርኛ ቃል ላይ እንደሚደናቀፍ አውቃለሁ፤ ያንን ቃል አወጣዋለሁ።

ከኳየሩ ወጣቶች ጋር ስንጣላ የኖርነውም በዚሁ ነው። እነሱ ዜማውን ቆርቆሮው ድረስ ይሰቅሉታል፣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። «ሉተራን ነን እኮ! እኛ ጋ የሚዘምረው ሕዝቡ ነው! ጉባኤው ያልዘመረው መዝሙር አይደለም፣ ኮንሰርት ነው!» እያልኩ ስንቴ ጮኼባቸዋለሁ። «ጋሼ ደግሞ ጀመሩ» ይባባላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። ምኞቴ አንድ ነበር፤ ያለ ኳየር፣ ያለ ኪቦርድ፣ ማንም ሳይመራው ጉባኤው በገዛ አፉ አንሥቶ የሚዘምረው አንድ መዝሙር ሠርቼ መሞት። እግዜር ሰማኝ። ምነው ባልሰማኝ ኖሮ!

እናቴ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነበር የምትኖረው፣ ከሚዛን ጋር በተያያዘችው አማን ዳር ላይ፣ አባቴ ትቶልን ባለፈው ቤት። ከቤቱ ጀርባ ቡና አለን። እናቴ ዝምተኛ ነበረች። ቤት ውስጥ ቤንችኛ ነው የምታወራው፣ እሱንም ቆጥባ። ቤተ ክርስቲያን ስንዘምር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምጿ አይሰማም። እኔ፣ የመዝሙር ሰው ነኝ ባዩ፣ አጠገቧ ቆሜ አንድ ቀን የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «አንቺማ ጉባኤው ውስጥ የለሽም» እያልኩ እቀልድባት ነበር። «አንተ አለህ አይደል፣ ይበቃል» ትለኛለች።

በዓመት አንድ ወቅት ግን ታንጎራጉራለች። ቀዩ ቡና ተለቅሞ፣ በእንጨት ቆሞ ወንፊት በተዘረጋበት ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ብቻዋን ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ነው። ቃል የለውም። አፏን ዘግታ ነው የምትለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ስለሆነ የሥራ ዜማ ይመስለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ጥቂት ይወጣል፣ አሁን ሊያልቅ ነው ስትሉ ወደ ታች ይወርድና ሜዳ ላይ ይቀራል። አያልቅም። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ታቆመዋለች። ዝም ትላለች፣ ጥቂት ፍሬ ትለቅማለች፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመከር ምስጋና በዓላችን ሲቃረብ አዲስ መዝሙር ሥራ ተባልኩ። ምእመናን ቡናውን፣ ማሩን፣ ሙዙን፣ ጎደሬውን ተሸክመው መጥተው መድረኩ ፊት የሚደረድሩበት እሑድ ነው። ሁለት ሳምንት ራሴን ስቧጥጥ ቆየሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ጠዋት በጓሮ በር ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ እናቴ አልጋው አጠገብ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ልቤ ዘለለ። ይኸውልህ፣ ከነሕይወቱ፣ ከነአፈሩ! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቅዳው የሚል ሐሳብም መጥቶልኝ ነበር። «ምን አደከመኝ፣ በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ትዕቢት እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ በመፋቂያና በስንፍና።

ሱቄ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ሠራሁት። መጀመሪያ አፈጠንኩት፣ ጭብጨባ እንዲይዝ። የሚወርድበት ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ምስጋና እንዴት ወደ ታች ይወርዳል ብዬ። ከዚያ ጨረስኩት። ስንት ዘመን ሳያልቅ የኖረውን በአንድ ከሰዓት መጨረሻ አበጀሁለት። ግጥሙማ ተዉት፤ እንደ ውኃ ነው የፈሰሰልኝ። አዝማቹ ይኸው ነው፤

ተክዬ ለቀምኩኝ፣ ቅርጫቴ ሞላልኝ፤
ከሰጠኸኝ ሁሉ አንድም አልጎደለኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የራሷ ዜማ ድንገት በጉባኤ መካከል ሲዘመር ስትሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚላት እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ኳየሩ አንድ ጊዜ ዘመረው፣ ሁለተኛውን ጉባኤው ተቀበለ፤ አያያዛቸው ጥሩ ነበር። ከዚያ ቄሳችን ሊሰብክ ቆሞ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ዝናቡ ወረደ። ኅዳር ነው፤ በእኛ አገር ኅዳርም ይዘንባል። መብራት ጠፋ። ቄሱ መጽሐፉን ከድኖ ተቀመጠ። ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ ከወደ ኋላ፣ ከቡና ለቃሚዎቹ ወገን ነው፣ አንድ ወፍራም ድምፅ «ተክዬ ለቀምኩኝ» አለ። ቤቱ በሙሉ ተቀበለው። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፣ እነሱም ግማሽ ሰዓት አንዱን መዝሙር ደጋገሙት። ከቆርቆሮው በላይ ይሰማ ነበር። አሮጊቶች ያጨበጭባሉ፣ ሕፃናት ይዘላሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የደስታ እንባ አንብቼ አላውቅም፤ እላችኋለሁ፣ ሁለተኛም አላነባም።

በመካከሉ እናቴ ስትነሣ አየኋት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሰዎቹን እየገፋች፣ በዚያ ዶፍ ውስጥ ወጣች። ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነው የመጣነው፤ ሸራ ልታለብሰው ሄደች አልኩ። ትንሽም ከፋኝ። ልጅሽ በሕይወቱ አንዴ እንዲህ ሲሆንለት ቡናው ምን ይሆናል ብለሽ ትወጫለሽ?

ቤት ስደርስ ቡናው ሸራ አልለበሰም። አልጋው ላይ ውኃ ያረገዘ ፍሬ ተዘርግቷል። እናቴ ውስጥ፣ ከነርጥብ ልብሷ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ምነው? አመመሽ?» አልኳት። አላመመኝም አለች። «መዝሙሩን ሰማሽው?» አልኳት እንደ ሕፃን። «ሰማሁት» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። የገና በዓል መጣ፣ አልወጣችም። ባለቤቴ ቅባት ትገዛላታለች፣ እኔ ሐኪም ቤት እንሂድ እላታለሁ፣ እሷ እሺ እያለች ትውላለች። ቡና አልጋው ጋ ቆማ ስትለቅም ደግሞ ጉልበቷን ምንም የሆነ አይመስልም። ብቻ ዝም ብላ ነው የምትለቅመው።

እኔ መች አስተዋልኩ! መዝሙሩ እግር አውጥቶ እየሄደ ነበር። ቴፒ ገባ። ከቴፒ ጌጫ ወጣ፣ ማሻ ደረሰ። ሰርግ ላይ ይዘመራል፣ ባጃጅ ውስጥ ይከፈታል፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው እያፏጨው ይገባል። «ያንተ ነው አይደል?» ሲሉኝ «የጌታ ነው» እላለሁ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። ውስጤ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ነገሩን የነገረችኝ የእናቴ ወዳጅ ናት። በቤተ ክርስቲያናችን ከቀሩት አንጋፋ ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ከእናቴ ጋር አንድ ቀን ነው የተጠመቁት። የፋሲካ ሰሞን ሱቄ መጣች፣ ወንበር ሳልሰጣት ተቀመጠች።

«አንተ፣ እናትህ ለምን እንደቀረች ታውቃለህ?»

«ጉልበቷን ነው እማማ።»

«ጉልበቷን ይላል!» አለችና አየችኝ። «ከአንተ በፊት እህት ነበረችህ።»

አርባ ዓመት አልፎኛል፤ እህት እንደነበረችኝ የነገረኝ ሰው የለም።

በደርግ ጊዜ ነው አለችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። ምእመናን የሚሰበሰቡት በየቤቱ በተራ፣ በሹክሹክታ ነበር። በዚያ ሳምንት ተራው የእኛ ቤት ነበር። የአራት ዓመቷ ልጅ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟት ቆይታ፣ ሰዎቹ በጓዳ ለጸሎት ተሰብስበው ሳለ በእናቴ እቅፍ ውስጥ ሞተች። እናቴ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ለቅሶ ከተሰማ ጎረቤት ይመጣል፣ ካድሬው ይመጣል፣ ጓዳ ሙሉ ሰው ይታሰራል።

«አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች የእናቴ ወዳጅ። ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ያው የገበሬ እጅ። «በዚህ። ነከሰችኝ፣ አልለቀቅኳትም። ሽማግሌዎቹም ‹አማኝ ተስፋ እንደሌለው ሰው አያለቅስም፣ ቻይው› አሏት። ቻለችው። ልጅቷን ጓሮ፣ ቡናው ውስጥ ቀበሯት። ለቅሶ የለ፣ መዝሙር የለ። በኋላ ብቻዋን ቡና ስትለቅም ያንን ዜማ ማለት ጀመረች። የለቅሶ ዜማ ነው፣ የራሷ ነው፣ ቃል የሌለው። እኔ እሰማት ነበር። ዝም አልኳት፤ እሱን እንኳ ልከልክላት? ይኸው አንተ ወስደህ እልል አስባልክበት። አንድም አልጎደለኝ አልክባት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሱቄን ዘግቼ በእግሬ ቤት ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ነበረች። እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ አለቀስኩ፣ «አላወቅኩም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ።

«አላወቅክም። እኔ መች ነገርኩህና?» አለች። «ቂም የለኝም ልጄ። ግን መልስልኝ።»

«ምኑን?»

«ዜማዬን። ጠፋብኝ። አፌን ስዘጋ የሚመጣው የአንተ ነው። ሊወርድ ሲል ይወጣል፣ ጭብጨባው ይመጣል። ልጄን በምን ላልቅሳት?»

አንድ ሰው ላም ቢሰርቅ ላሟን ይመልሳል። መሬት ቢገፋ ድንበሩ ይለካል። ዜማ እንዴት ይመለሳል? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግን እመልስልሻለሁ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ቀድሜ ኳየሩ ጋ ሄድኩ። ከእንግዲህ ይህን መዝሙር አትዘምሩ አልኳቸው፣ ምክንያቱን ሳልነግር፤ እናቴ ለሰው አትንገር ብላኛለች። ግራ ገባቸው፣ ግን እሺ አሉ። ተዉትም። በሁለተኛው እሑድ ዝናብ መጣ፣ ጉባኤው ራሱ አነሣው። ኳየሩ መድረክ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ሕዝቡ ዘመረ። ወጣቶቹ እያዩኝ ሳቁ፤ ጋሼ የፈለጉት ይኸው አይደል ወይ እንደ ማለት።

ቄሱ ጋ ገባሁ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ግን እርስዎ ነው የምለው፤ መልካም ሰው ነው። «ይህ መዝሙር እንዲቀር ይንገሩልኝ» አልኩት።

«ኑፋቄ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልከልክል ወንድሜ? አንተ ራስህ አይደለህ ስታስተምረን የኖርከው? ጉባኤው አንዴ ከተቀበለው የደራሲው አይደለም ትል ነበር።»

ብዬ ነበር፣ ስንት ጊዜ! አመስግኜ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን ቴፒ የመዘምራን ጉባኤ ተጠርቶ ሄድኩ፤ እዚያ እንኳ ሰዎቹን አንድ በአንድ ላናግራቸው ብዬ። ገና ስገባ መድረክ ላይ አወጡኝ። ከጌጫው ከማሻው የመጣው ሁሉ ተነሥቶ ፊቴ ቆሞ ዘመረልኝ፣ እያጨበጨበ፣ ፊቱ እየበራ። ምን እላቸዋለሁ? ይህ የሞተች እህቴ ለቅሶ ነው፣ ዝም በሉ እላለሁ? ፈገግ ብዬ እጄን አነሣሁላቸው። እንዲያ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ሕዝቡን ዝም ማሰኘት ካልቻልኩ ዜማውን ፈልጌ ላግኝላት አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየማታው ከሱቅ ስመለስ ቡና አልጋው ጋ አብረን እንቀመጥ ነበር፣ ቡና የሌለበት ወቅት እንኳ። እኔ ቀስ አድርጌ አንጎራጉራለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

«አይደለም» ትላለች።

«እዚህ ጋ ነው የሚወርደው?»

«ከዚያ በፊት ነው መሰለኝ።»

«እንዲህ?»

«አይደለም። እሱ የአንተው ነው፣ አዘገየኸው እንጂ።»

«ታዲያ ወዴት ነበር የሚሄደው እማዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አዋቂው አንተ!» ትለኛለች ተቆጥታ። ከዚያ ራሷ ትሞክራለች። ትጀምራለች፣ ትወጣለች፣ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋ ወደ ላይ ይነሣባታል፣ ታቆማለች። እጇን ጭኗ ላይ ትመታለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ስንቴ ያንን የመፋቂያ ጠዋት ረገምኩት! አንዲት ቁልፍ ብነካ ኖሮ ድምጿ ስልኬ ውስጥ ነበር። ወዳጇንም ጠርተን ሞከርን። እሷም የምታስታውሰው የእኔኑ ሆነ፤ በየእሑዱ ስትሰማው ከርማ።

አንድ ማታ እናቴ «ተወው በቃ» አለች። «ሆድ ይፍጀው።» ተነሥታ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥታ አታውቅም፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደገና መሄድ ጀመረች። በዝናብ ጊዜ መዝሙሩ ሲነሣ ከንፈሯን እንኳ አታንቀሳቅስም ነበር። አጠገቧ እቆማለሁ፤ እኔም አልዘምርም። ሁለታችን ብቻ ዝም ብለን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንቆማለን።

ባለፈው ክረምት ሳንባዋን ታመመች። አማን ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። በስምንተኛው ቀን ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር፤ ሾርባ ጠጣች፣ የባለቤቴን ፀጉር አሠራር ነቀፈች። ከዚያ እጄን ያዘች።

«ስቀበር እሱን እንዳታዘምርብኝ» አለች። የትኛውን አላልኳትም።

«አላዘምርም።»

«እኔ ላይ ጎደለ አልጎደለ እንዳይሉብኝ።»

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ አይዘመርም።»

«እሺ» አለች። በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ መዝሙሮቹን እኔው መረጥኩ፣ ከአሮጌው የመዝሙር መጽሐፍ ሁለት፣ የረጋ ዜማ ያላቸው። «ያንተ አንድ እንኳ አይኖርም?» አሉ። የለም አልኳቸው። ኳየሩንም አስጠነቀቅኩ። ሁሉን ዘግቼአለሁ ብዬ ነበር።

ሣጥኑ መድረኩ ፊት ተቀመጠ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከቴፒ እንኳ መኪና ይዘው መጥተዋል፣ «የመዝሙሩ ሰው እናት» ብለው። ሁለቱ መዝሙሮች ተዘመሩ። ቄሱ ጸለየ፣ ሊሰብክ ቆመ። ክረምት ነው፣ ምን ይጠበቃል? ዝናቡ ወረደ። ቄሱ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከድኖ ተቀመጠ።

ማንም አላነሣም። ለቅሶ ስለሆነ፣ ባለ ሐዘኑ ደግሞ እኔ ስለሆንኩ፣ ጨዋ ሕዝብ ነውና እኔን ጠበቀ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ሣጥኑ እዚያ ነው፣ ቆርቆሮው ይጮኻል። ከመቶ በላይ መዝሙር አውቃለሁ። አንዱን ብጀምር በቃ፣ ያልፍ ነበር። ግን እንዲህ አሰብኩ፦ አሁን ነው፤ ዛሬ እመልስላታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያልሰጡሽን ለቅሶ በሰው መካከል፣ በጉባኤ ፊት፣ ልጅሽ ያለቅስልሻል። ሐዘን ጉሮሮዬን ስለፈታው ዜማው ይመጣልኛል ብዬ በውነት አመንኩ። ደራሲ ሞኝ ነው።

አፌን ዘግቼ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል ሳልጨምር። ተነሣ። ጥቂት ወጣ። በአካሌ ሁሉ አዳመጥኩ፤ እማዬ፣ አሁን ወዴት ነው? እዚያ ቦታ ላይ ደረስኩ፣ ሊወርድ ሲገባው ወጣ።

አወቁት። ከወደ ኋላ፣ ከቡና ለቃሚዎቹ ወገን፣ ያው ወፍራም ድምፅ ተቀበለኝ፦ «ተክዬ ለቀምኩኝ»። አዘነልኝ መሰለኝ፤ ልጁ አንሥቶ አቃተው፣ እናግዘው ብሎ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። እጄን አወናጨፍኩ፣ ተዉ አልኩ፣ ጮኽኩም፤ በቆርቆሮው ሥር ማን ይሰማኛል? ምራን ያልኳቸው መሰላቸው። ጭብጨባው መጣ። እንባቸው እየወረደ በሙሉ ድምፃቸው ይዘምሩ ነበር፣ እናቴን ለማክበር፣ እኔን ለማጽናናት፣ ያለ ኳየር፣ ያለ ኪቦርድ፣ ሕይወቴን ሙሉ እንደለመንኳቸው። ከሰጠኸኝ ሁሉ አንድም አልጎደለኝ ይላሉ፣ ሣጥኗ ላይ።

የእናቴ ወዳጅ ብቻ አልዘመረችም። ከሣጥኑ ማዶ ቆማ፣ በቀኝ እጇ የራሷን አፍ ይዛ ታየኝ ነበር።

ዝናቡ አላባራም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙት እኔም አብሬ ዘመርኩ። ላለቅስላት ነበር፤ ሌላ ዜማ ግን አልመጣልኝም።